ሥዕልና ሣቅ ያለበት መጽሐፍ፦ ለልጆች የሚሆን የገና ስጦታ



ጾመ ነቢያት ተፈጽሞ፣ ሌሊቱም በማኅሌትና በቅዳሴ አልፎ፣ ምእመናን ነጭ ለብሰው ወደየቤታቸው በሚመለሱበት በዚህ ታላቅ ቀን የክርስቲያን ቤት ሁሉ እንደየአቅሙ ይሰናዳል። ዶሮው ይሠራል፤ ድፎው ይቆረሳል፤ ጠላው ይቀዳል። ቄጤማው ተጎዝጉዞ፣ ዕጣኑ ጤሶ፣ ዘመድ ከዘመድ ይጠያየቃል። ለልጆችም በተቻለ መጠን አዲስ ልብስና ጫማ ይገዛላቸዋል። ልብሱ ግን ዓመት ሳይሞላው ያጥራል፤ ጫማውም ይጠብባል። ስለሆነም በዛሬው የበዓል ገጻችን ከልብስና ከጫማ ጎን ለጎን ለልጆች ሊሰጥ ስለሚገባው ሌላ ስጦታ ጥቂት ለማለት ወደናል። ይኸውም ሥዕልና ሣቅ ያለበት መጽሐፍ ነው።

ልጅ በዓልን አስቀድሞ የሚያውቀው በዓይኑ ነው

አባቶቻችን ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። የአብያተ ክርስቲያናቶቻችን የመቅደስ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሸፈነው ያማረ እንዲሆን ብቻ ተብሎ አልነበረም። ፊደል ያልቆጠረው ምእመን፣ ይልቁንም ሕፃኑ፣ የድኅነትን ታሪክ በዓይኑ እንዲያነበው ታስቦ ነው። በጎንደር ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን የገባ ልጅ አንገቱን ወደ ላይ አቅንቶ በጣሪያው ላይ የተደረደሩትን ባለክንፍ የመላእክት ፊቶች ለመቁጠር ሳይሞክር አይወጣም። ቆጠራውን ባይጨርሰው እንኳ በሰማይ የሚያዩን ብዙዎች መሆናቸውን ተረድቶ ይወጣል።

የአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የራሱ የሆነ ሥርዓት አለው። ቅዱሳን ፊታቸው ሙሉ ሆኖ፣ ሁለቱም ዓይኖቻቸው ተገልጠው ይሣላሉ። አጋንንትና የእግዚአብሔር ጠላቶች ግን በአብዛኛው በጎን፣ አንድ ዓይናቸው ብቻ እየታየ ይሣላሉ። ይህን ምሥጢር አንድ ጊዜ የተነገረው ልጅ በሚቀጥለው እሑድ ከግድግዳው ፊት ቆሞ ማን ደግ፣ ማን ክፉ እንደሆነ በጣቱ እየጠቆመ ራሱ ይተረጕማል። በልደቱም ሥዕል ላይ እመቤታችንን፣ በግርግም የተኛውን ሕፃን፣ በትንፋሻቸው የሚያሞቁትን እንስሳት፣ እረኞችንና እጅ መንሻ የያዙትን ሰብአ ሰገልን ለይቶ ለማሳየት ጊዜ አይፈጅበትም።

ይሁን እንጂ በአሁኑ ጊዜ፣ በተለይም በከተሞች፣ ልጆቻችን ስለ ገና አብዝተው የሚያዩት ሥዕል ከዚህ የራቀ ነው። በየሱቁ መስኮት የሚለጠፈውም ሆነ በቴሌቪዥንና በእጅ ስልክ የሚታየው፣ ቀይ የለበሰና ነጭ ጢም ያለው ሽማግሌ፣ በበረዶ ላይ የሚንሸራተት ጋሪ፣ በጥጥና በመብራት ያሸበረቀ ጥድ ነው። በረዶን አይቶ የማያውቅ የአዲስ አበባ ወይም የባሕር ዳር ልጅ ስለ ገና ሲጠየቅ አስቀድሞ ሽማግሌውን ቢጠራ ልንቆጣው አይገባም። የተናገረው ያየውን ነውና።

ሽማግሌውን መንቀፍም ብቻውን ፍሬ አያፈራም። የዚህ ሽማግሌ ታሪክ ሥሩ ሲፈለግ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በታናሽ እስያ የሜራ ኤጲስ ቆጶስ ከነበረው ከቅዱስ ኒቆላዎስ ይደርሳል። ይህ ቅዱስ ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ስንክሳራችን ታኅሣሥ 10 ቀን ያስበዋል። ሦስት ሴቶች ልጆቹን የሚድርበት አጥቶ ለተጨነቀ አንድ ሰው፣ ማንም ሳያየው በሌሊት ወርቅ በቤቱ እንደወረወረለት ይተረካል። ይህን ታሪክ ለልጁ የነገረ ወላጅ ሽማግሌውን ከልጁ ሳይነጥቅ ወደ እውነተኛው አባት መልሶታል። በልጅ ዓይነ ልቡና ውስጥ ባዶ ቦታ ብዙ ጊዜ አይቆይም። እኛ ሥዕል ካላኖርንበት ሌላው ያኖርበታል።

ሣቅ ከአክብሮት ጋር ይጣላልን?

መንፈሳዊ ሥዕል ያለበትን መጽሐፍ መግዛት መልካም ነው፤ የሚያስቀው ግን ለበዓል ምን ያደርጋል? የሚሉ ወላጆች አሉ። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለኤፌሶን ምእመናን በላከው መልእክት የዋዛ ንግግርን መከልከሉን የሚጠቅሱም አይታጡም (ኤፌ. 5፥4)። ጥያቄው ተገቢ በመሆኑ መልስ ይሻል።

ሐዋርያው በዚያ ስፍራ ዋዛን የጠቀሰው ከሚያሳፍር ነገርና ከስንፍና ንግግር ጋር አያይዞ ነው። የተከለከለው ሰውን የሚያዋርደው፣ ልብንም የሚያረክሰው ዋዛ መሆኑ ከዚህ ይታወቃል። በሌላ በኩል መጽሐፈ መክብብ ለልቅሶ ጊዜ እንዳለው ሁሉ ለሣቅም ጊዜ እንዳለው ያስተምረናል (መክ. 3፥4)። የአባታችን የአብርሃም ሚስት ሣራ በእርጅናዋ ወራት ወንድ ልጅ በወለደች ጊዜ እግዚአብሔር ሣቅን እንዳደረገላት ተናግራለች፤ የልጇ የይስሐቅ ስም ትርጓሜም ከሣቅ ጋር የተያያዘ ነው (ዘፍ. 21)። የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን ሁሉ እንደሚመሰክሩት፣ የበለዓም አህያ አፍ አውጥታ ጌታዋን ስትወቅሰው (ዘኍ. 22)፣ ቁመተ አጭሩ ዘኬዎስም ጌታን ለማየት በሾላ ዛፍ ላይ ሲንጠላጠል (ሉቃ. 19) ሲነገራቸው ልጆች ይሥቃሉ። የሣቁበትንም አይረሱትም። ዘኬዎስ ከዛፉ ወርዶ የቀማውን አራት እጥፍ ለመመለስ ቃል መግባቱ በልባቸው የሚቀረው ከዚያው ከዛፉ ጋር ተያይዞ ነው።

የገና በዓልም ቢሆን በባህላችን ከጨዋታና ከሣቅ ተለይቶ አያውቅም። በገጠር ወጣቱና ጎልማሳው በሁለት ወገን ተከፍሎ፣ ጫፉ በቆለመመ ዱላ ሩሯን እያሳደደ ሲጫወት፣ እረኞች የልደቱን ብሥራት በሰሙ ጊዜ በደስታ መጫወታቸውን ለማስታወስ ነው ይባላል። በዚያ ዕለት ሎሌው ጌታውን በቀልድ ሸንቆጥ ቢያደርገው ጌታው እንዳይቆጣ ወጉ ያዛል። ጌታ የባሪያን መልክ ይዞ በተወለደበት ቀን ታላቁ ከታናሹ ጋር አብሮ መሣቁ ከበዓሉ ምሥጢር ጋር የሚስማማ እንጂ የሚቃረን አይደለም።

ከሊቃውንቶቻችንም መካከል በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖሩትን የፎገራውን አለቃ ገብረ ሐናን የማያውቅ የለም። ብዙ ሰው የሚያውቃቸው በቀልዳቸው ቢሆንም አለቃ ከሁሉ በፊት የቅኔና የአቋቋም ሊቅ ነበሩ። በልጃቸው በአለቃ ተክሌ ስም የሚጠራው የተክሌ አቋቋም የእርሳቸው ድርሻ መሆኑ ይታወቃል፤ የዝማሜውንም እንቅስቃሴ ከጣና ማዕበል እንዳገኙት ይተረካል። እንግዲህ በበዓላት ሌሊት ካህናት መቋሚያ ይዘው ሲያሸበሽቡ የምናየው ውበትና በየቤቱ እየተነገረ የሚያስቀው ጨዋታ ከአንድ ሰው የወጡ ናቸው። በአለቃ ስም ከሚነገሩት ቀልዶች አንዳንዶቹ ለአዋቂ እንጂ ለልጅ የማይሆኑ በመሆናቸው ወላጆች መርጠው እንዲነግሩ ግን አደራ እንላለን።

የበዓሉን ወራት ታሪክ በሥዕል የሚነግሩ መጻሕፍት

ወደ መጻሕፍቱ ስንመጣ፣ በቅድሚያ የምንጠቅሰው እ.ኤ.አ. በ1987 ለንደን ውስጥ የታተመውን፣ ስሙ በአማርኛ "የቤተ ልሔም መንገድ" ተብሎ ሊተረጎም የሚችለውን የኤልዛቤት ሌይርድን መጽሐፍ ነው። ደራሲዋ በወጣትነቷ በአገራችን በመምህርነት ያገለገለች ናት። መጽሐፉ የጌታን የልደት ታሪክ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በምትተርክበት መንገድ በቀላል እንግሊዝኛ ለልጆች ያቀርባል። የመጽሐፉ ታላቅነት ያለው በሥዕሉ ነው። ሥዕሎቹ በብሪቲሽ ቤተ መጻሕፍት ከሚገኙ የኢትዮጵያ ብራናዎች የተወሰዱ ናቸው። የጎንደር ዘመን ሠዓሊዎቻችን እንደ ልማዳቸው ዓይኖቹን አጉልተው፣ ቀዩን፣ ቢጫውንና ሰማያዊውን አድምቀው የሣሏቸው ናቸውና፣ ልጁ ባለፈው እሑድ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያየውን መልክ በጉልበቱ ላይ ባስቀመጠው መጽሐፍ ውስጥ መልሶ ያገኘዋል።

ይህችው ደራሲ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብላ፣ እ.ኤ.አ. በ1985፣ ከአባ አረጋዊ ወልደ ገብርኤል ጋር በመሆን የጻድቁን የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ታሪክ በተመሳሳይ አኳኋን፣ በጥንታዊ የብራና ሥዕሎች አስጊጣ አቅርባለች። የጻድቁ ልደት ታኅሣሥ 24 ቀን፣ ማለትም ከገና 5 ቀን ቀድሞ የሚከበር በመሆኑ መጽሐፉ ከወቅቱ ጋር ይስማማል። ልጆች የጻድቁን ሥዕል አይተው የሚጠይቁት አይጠፋም። ስለምን በአንድ እግራቸው ቆሙ? ክንፎቹስ ከየት መጡ? ወላጅ ገድላቸውን ለመተረክ ከዚህ የተሻለ መግቢያ አያገኝም።

ሁለቱም መጻሕፍት በአገር ውስጥ መደብሮች እንደልብ የሚገኙ አይደሉም፤ የተጻፉትም በእንግሊዝኛ ነው። ነገር ግን በውጭ አገር የሚኖሩ ዘመዶቻችን ለበዓል ምን እንላክላችሁ ሲሉ ብዙ ጊዜ ከልብስና ከሽቶ ሌላ የሚነገራቸው የለም። መጽሐፍ ላኩልን ማለት ይቻላል። ሥዕሉን እያሳዩ ታሪኩን በአማርኛ መተረክ ለእናትም ለአባትም አያስቸግርም። እንግሊዝኛውን ልጁ ሲያድግ ይደርስበታል።

እዚህ ላይ ሳይነሣ ሊታለፍ የማይገባ ጉዳይ አለ። በብሪቲሽ ቤተ መጻሕፍት ከሚገኙት የኢትዮጵያ ብራናዎች ወደ 350 የሚጠጉት በ1860 ዓ.ም. ከዐፄ ቴዎድሮስ ዕረፍት በኋላ ከመቅደላ የተወሰዱ ናቸው። አባቶቻችን ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የሣሏቸው ሥዕሎች ባሕር ተሻግረው፣ በባዕድ ቋንቋ ተብራርተው፣ በመጽሐፍ መልክ ለልጆቻችን ተመልሰው መጡ። ደራሲዋን ልናመሰግናት ይገባል፤ ለራሳችንም ጥያቄ ልናቀርብ ይገባል። የተወሰደው ቢወሰድም በየገዳማቱና በየአድባራቱ፣ በብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መዘክርም የቀረው ብዙ ነው። ከእነዚህ ሥዕሎች ተመርጦ ለልደት፣ ለጥምቀት፣ ለትንሣኤና ለመስቀል የሚሆን ባለቀለም የልጆች መጽሐፍ በአማርኛ ማዘጋጀት ለአሳታሚዎቻችንና ለሰንበት ትምህርት ቤቶቻችን የሚከብድ ሥራ አይመስለንም። ፊደልን ለሕዝብ ለማዳረስ የተጋውን የተስፋ ገብረ ሥላሴን ማተሚያ ቤት ማስታወስ ይበቃል። ከዚያ የወጣው የፊደል ገበታ በየጎጆው ባይደርስ ኖሮ ስንቶቻችን ማንበብ እንችል ነበር? ሥዕሉም እንደ ፊደሉ በየቤቱ ሊደርስ ይገባዋል።

የሚያስቁ መጻሕፍት

ከሚያስቁት ውስጥ አስቀድመን የምናነሣው የማሞ ቂሎን ተረት ነው። ማሞ ቂሎን ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ልጅ ጥቂት ነው። እናቱ ለትናንቱ ጉዳይ የሰጠችውን ምክር ለዛሬው የተለየ ጉዳይ እያዋለ የሚቸገረው የዋህ ልጅ ነው። ይህን ተረት አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ጽፈው፣ በሠዓሊ ቦጋለ በላቸው ሥዕል አስጊጠው እ.ኤ.አ. በ2002 አሳትመውታል። አቶ ዮሐንስ በስደት በሄዱበት በአሜሪካ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ሲሠሩ፣ በብዙ ቋንቋ የተጻፉ የልጆች መጻሕፍት ተደርድረው ሲያዩ በአማርኛ የተጻፈ ማጣታቸው ለዚህ ሥራ እንዳነሣሣቸው ተናግረዋል። ወደ አገራቸውም ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። በኋላም በሐዋሳ መጻሕፍትን በአህያ ጋሪ እየጫኑ ወደ ልጆች ሰፈር የሚያደርሱበትን ዘዴ ጀመሩ። አህያ ጌታችን በሆሣዕና የተቀመጠባት እንስሳ ናት፤ መጽሐፍ ተሸክማ ስትመጣ ልጆች በእልልታ ቢቀበሏት አያስገርምም።

ማሞ ቂሎ የሚያስቀው ልጁ ከማሞ ቀድሞ ስሕተቱን ስለሚያውቅበት ነው። ገጹ ሳይገለጥ ልጁ "አሁን ሊሳሳት ነው!" እያለ ይጮኻል። በቤትም በትምህርት ቤትም ዘወትር የሚታረመው ልጅ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ እርሱ አራሚ ይሆናል። ሣቁ ከዚህ ይመነጫል፤ ልጁም ምክር ከቦታው ውጭ ሲውል ምን እንደሚያስከትል በዚያው ያስተውላል።

ሁለተኛው፣ በአገራችን በማጂ ያደገችው አሜሪካዊት ደራሲ ጄን ከርትዝ እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣችው፣ ሥዕሉንም ኢ. ቢ. ልዊስ የሣለው "እሳት በተራራው ላይ" የተሰኘ መጽሐፍ ነው። ታሪኩ ከአገራችን የተገኘ ተረት ነው። አንድ ድኻ ልጅ በቀጭን ሸማ ብቻ ሌሊቱን በብርዳም ተራራ ላይ ለማደር ከባለጸጋ ጌታው ጋር ይወራረዳል። ሩቅ ያለ እሳት እያየ ልቡን አሙቆ ያድራል። ጌታው ግን እሳት ማየት እሳት ከመሞቅ አይለይም ብሎ ይክደዋል። በኋላ ጌታው በግብዣ ላይ ተቀምጦ የወጡ ሽታ ብቻ እየደረሰው፣ ምግቡ ግን ሳይቀርብለት ይቀራል። ሽታው ካላጠገበ፣ ሩቅ እሳት እንዴት ያሞቃል? የዶሮ ወጥ ሽታ ቤቱን በሞላበት በገና ዕለት ይህን ታሪክ የሰማ ልጅ ፍርድን ከነሽታው ያውቀዋል። ድኻው የተካሰው በቡጢ ሳይሆን በጥበብ መሆኑም ለወላጅ የሚያስደስት ትምህርት ነው።

በአማርኛ ብቻ የሚያነቡ ቤተ ሰቦችም ባዶ እጃቸውን አይቀሩም። ከ40 ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ያወጉትና በ2009 ዓ.ም. ያረፉት አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ተረቶቻቸውን በመጽሐፍም አሳትመዋል። የክቡር ከበደ ሚካኤል "ታሪክና ምሳሌ" ሥዕል የሚበዛበት ባይሆንም በግጥም የተጻፉት ተረቶቹ ጮክ ብሎ ለማንበብ እጅግ ይመቻሉ። ቤት ሲመታ ልጁ ተከትሎ ይደግማል፤ ሥዕሉን ደግሞ እርሱ ራሱ በወረቀት ላይ ይሥላል። በቅርብ ዓመታትም ኦፕን ኸርትስ ቢግ ድሪምስ የተባለው በጎ አድራጊ ድርጅት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን የተጻፉ ትንንሽ ባለሥዕል መጻሕፍት አውጥቷል። እነዚህ በውጭ አገር ተወልደው አማርኛን በጆሮ እንጂ በዓይን ለማያውቁ ልጆች እጅግ ይጠቅማሉ።

መጽሐፍ ስንመርጥ

ወላጆች በመጽሐፍ መደብር ቆመው የትኛውን እንግዛ ሲሉ የሚከተሉትን ቢያስተውሉ ይረዳቸዋል።

አንደኛ፣ መጽሐፉን ከመግዛት በፊት አንድ ገጽ ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብ ያሻል። የልጅ መጽሐፍ በጆሮ የሚነበብ ነው። አረፍተ ነገሩ አፍን የሚያደናቅፍ፣ ቃሉም ከባዕድ ቋንቋ በጥድፊያ የተገለበጠ ከሆነ ልጁ ከሁለተኛው ገጽ አያልፍም።

ሁለተኛ፣ ሥዕሉ ጽሑፉ ያልተናገረውን ይናገር እንደሆነ ማየት ነው። ጽሑፉ "ጅቡ ተደበቀ" ቢል፣ ሥዕሉ ጭራው ከቁጥቋጦው ወጥቶ ያሳየናልን? ልጅ የሚሥቀው ያን ጭራ ራሱ ሲያገኘው ነው።

ሦስተኛ፣ የሚሣቅበትን ሰው መለየት ያስፈልጋል። በስስታሙ በአያ ጅቦ፣ በራሱ ብልጠት በሚጠመድ ሰው መሣቅ መልካም ነው። በዕውር፣ በአንካሳ፣ በድኻ፣ በሌላው ወገን ቋንቋና መልክ የሚያሥቅ መጽሐፍ ግን ምንም ያህል ሥዕሉ ቢያምር ከክርስቲያን ቤት አይግባ። ሐዋርያው የከለከለው ዋዛ ይህ ነው።

አራተኛ፣ መጽሐፉ መንፈሳዊ ከሆነ ሥዕሉ ከቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጋር መስማማቱን፣ ታሪኩም ከወንጌሉ አለመራቁን ንስሐ አባትን ወይም የሰንበት ትምህርት ቤት መምህርን መጠየቅ ነውር የለውም። ጌታችንን፣ እመቤታችንንና ቅዱሳንን የቀልድ መጫወቻ የሚያደርግ ሥዕል አይገዛም። ሣቁ ለእረኞቹ፣ ለግመሎቹና ለዘኬዎስ ዛፍ ይብቃ።

አምስተኛ፣ ጥራዙ ጠንካራ፣ ፊደሉም ጎላ ያለ ይሁን። የተወደደ መጽሐፍ መቶ ጊዜ ይገለጣል። አንዳንድ ወላጆች መጽሐፉ እንዳይበላሽ ብለው ከቁም ሣጥን አናት ላይ ያኖሩታል። የልጅ መጽሐፍ ግን በልጅ እጅ ቢያረጅ ይሻላል።

መጽሐፍ የሚገዛበት ከሌለ

ይህን ሁሉ ስንዘረዝር ለበዓሉ ዶሮ መግዛት የሚከብዳቸው ቤተ ሰቦች ብዙ መሆናቸውን እናውቃለን። ለእነዚህም የሚሆን መንገድ አለ። ጥንት የብራና መጻሕፍቶቻችን ሁሉ በእጅ የተጻፉ፣ በእጅ የተሣሉ፣ በእጅም የተጠረዙ ነበሩ። ዛሬም ጥቂት የደብተር ቅጠል፣ እርሳስ፣ መርፌና ክር ለአንድ መጽሐፍ ይበቃሉ።

በበዓሉ ቀን ከምሳ በኋላ፣ ቡናው ተፈልቶ አያት በተቀመጡበት፣ ልጆቹ ተረት እንዲያወጉላቸው ይጠይቁ። አያት ስለ እንኮዬ ጦጢትና ስለ አያ ጅቦ ይንገሩ፤ ወይም እርሳቸው ልጅ ሳሉ በአገራቸው ገና እንዴት ይከበር እንደነበር፣ ማን ሩሯን እንደመታ፣ ማን ወድቆ እንዳሣቀ ያውጉ። ፊደል የሚያውቀው ትልቁ ልጅ ይጻፍ፤ ትንሹ ይሣል። የጅቡ እግር አምስት ቢሆንም አይታረም፤ በሚቀጥለው ዓመት ሲያየው ራሱ ይሥቅበታል። በመጨረሻም ወረቀቱ በክር ተሰፍቶ፣ በሽፋኑ ላይ የአያት ስም በተራኪነት፣ የልጆቹ ስም በጸሐፊነትና በሠዓሊነት፣ ዓመተ ምሕረቱም ይጻፍበት። አያት በሌላ ከተማ ወይም አገር ከሆኑም በስልክ መተረክ ይችላሉ። በየዓመቱ አንድ እንዲህ ያለ መጽሐፍ የሚሠራ ቤት በ10 ዓመት ውስጥ ከየትም ሊገዛ የማይቻል 10 መጻሕፍት ይኖሩታል። አያት ባረፉም ጊዜ ድምፃቸው ከቤቱ አይጠፋም።

ለዚህ ሁሉ ጊዜ የለንም ለሚሉም በዓላቱ ራሳቸው ጊዜ ያበጁላቸዋል። ከልደት ማግሥት ጀምሮ እስከ ጥምቀት 12 ያህል ምሽቶች አሉ። ከራት በኋላ ቴሌቪዥኑ ጥቂት ጠፍቶ፣ ስልኩም ተቀምጦ፣ በየምሽቱ አንድ ተረት ወይም ጥቂት ገጽ ቢነበብ፣ ታቦታቱ በከተራ ወደ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ ልጆቹ የሚያዩትን እያወቁ ያጅባሉ። በእረኞቹ ደስታ ተደስተው፣ በማሞ ቂሎ ስቀው፣ ከአባትና ከእናታቸው ጉያ ሆነው ያዩትን ሥዕል በሽምግልናቸውም ያስታውሱታል።

ተረት ነጋሪ ተረቱን ሲጨርስ አፉን በዳቦ እንዲያብሱለት መጠየቁ የአገራችን ወግ ነው። ዛሬ በየቤቱ የገና ድፎ ተቆርሷልና ለነጋሪው የሚሆን አይጠፋም። የቀረው ልጆችን ሰብስቦ ገጹን መግለጥ ነው።

የሕፃናት አምላክ ልጆቻችንን በጥበብና በሞገስ ያሳድግልን። መልካም የልደት በዓል!

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።